ስለ አሮጌው ሞተርና ስለ አዲሱ ካምቢዮ

ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ደክመው የሠሩትን ሥራ በእጁ ባስገባ ጊዜ ሁለት ግዴታዎች በአንድነት ይጠብቁታል። አንደኛው የተቀበለውን መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው በተቀበለው መጠቀም ነው። ሁለቱ ግዴታዎች ተስማምተው በሚኖሩበት ዘመን ማንም አያስተውላቸውም። በተጣሉ ቀን ግን ወራሹ ለሁለት ጌታ እንዳደረ አሽከር መግቢያ መውጫው ይጠፋዋል። ሳይነካው ቢያስቀምጠው ዕቃው ከዕቃነት ወጥቶ ጣዖት ይሆንበታል፤ እንደ ልቡ ቢገለገልበት ደግሞ የቀደሙት ሰዎች የእጅ አሻራ ቀስ በቀስ ይጠፋና፣ የያዘው የእነርሱ ሥራ ይሁን የራሱ ለይቶ ለመናገር ያዳግተዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ጠቢባን ብዙ ተናግረዋል፤ የሚናገሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕግ፣ ስለ ልማድና ስለ ሐውልት ነው። እኔ በበኩሌ ጥያቄውን ከዚያ ከፍተኛ ስፍራ አውርጄ፣ ዘይትና ዝገት በሚሸትበት ጋራዥ ውስጥ፣ በመኪና ሆድ ሥር አንባቢ እንዲመለከተው ዐስቤአለሁ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንዲሉ፣ ታላቁን ነገር በታናሹ ዕቃ መመርመር የተለመደ ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ ምሳሌም ከወገን ፍቅርና ከጥላቻ የራቀ ስለ ሆነ ፍርድን አያጣምምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ የተሠሩ፣ አገሬው «ማስል ካር» ብሎ የሚጠራቸው፣ በእኛ ቋንቋ «ባለ ጡንቻ መኪና» ልንላቸው የምንችል ኀይለኛ መኪኖች አሉ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተገጠመላቸው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበር። ዛሬ ከባለቤቶቻቸው አያሌዎቹ ይህን የጥንቱን ካምቢዮ ያወርዱና በእርሱ ፈንታ ከ1980 ወዲህ የወጣውን፣ «ኦቨርድራይቭ» የሚባል ተጨማሪ ማርሽ ያለበትን ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያስገቡበታል። ሌሎች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ፤ አንዳንዶችም በሟቾቹ ሠሪዎች ላይ እንደ ተነገረ ስድብ ይቆጥሩታል። እንግዲህ ጥያቄው፦ እንዲህ ያደረገ ሰው የቀደሙትን ሥራ አሻሻለ ወይስ አፈረሰ? በእጁ የቀረውስ ያው የጥንቱ መኪና ነውን? የሚል ነው።

«ካምቢዮ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ወደ እኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ለውጥ» ማለት ነው። የአገራችን መካኒክና ሾፌር ቃሉን ተቀብሎ የራሱ ካደረገው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ በአማርኛ ካምቢዮ ስለ መለወጥ የሚናገር ሰው ሳያውቀው ለውጥን ስለ መለወጥ ይናገራል። ይህም የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሞተሩ አንድ ሲሆን መንገዱና ሸክሙ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ አንዱን ኀይል ለልዩ ልዩ ጊዜ እንዲስማማ አድርጎ ለመለወጥ የተሠራው ክፍል ካምቢዮ ነው። እንግዲህ በመኪናው አካል ውስጥ ከሌላው ይልቅ ከጊዜና ከሁኔታ ጋር ለመስማማት የተፈጠረ ብልት ቢኖር ይኸው ነው።

ሥራውንም በቀላሉ ለመረዳት ሸክም ተሸክሞ የሚጓዝን ሰው ማሰብ ይበቃል። ዳገት ሲወጣ አጭር አጭር ርምጃ ይራመዳል፤ ሜዳ ሲደርስ ርምጃውን ያስረዝማል። ጉልበቱ ያው ነው፤ ርምጃው ግን ተለውጧል። ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በ1969 ሞዴሎቹ ላይ ባወጣው «ቱርቦ ሃይድራማቲክ 350» በተባለው ካምቢዮ ውስጥ የአንደኛው ማርሽ ጥምርታ 2.52፣ የሁለተኛው 1.52፣ የሦስተኛው 1.00 ነው። ይህም ማለት በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ሲዞር ወደ ኋላ እግር ኀይል የሚያደርሰው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በሦስተኛ ማርሽ ግን ሞተሩና ዘንጉ እኩል ይዞራሉ። ከዚያ በላይ የሚረዝም ርምጃ የለም። ይኸው ኩባንያ በ1982 ያወጣው «700 አር 4» የተባለው ካምቢዮ ደግሞ 3.06፣ 1.63፣ 1.00 ካለ በኋላ 0.70 የሆነ አራተኛ ማርሽ ይጨምራል። በዚህ ማርሽ ሞተሩ ሰባት ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ዐሥር ጊዜ ይዞራል። «ኦቨርድራይቭ» የሚባለው ይህ ረጅም ርምጃ ነው።

ቁጥሩን ወደ መንገድ አውጥተን እንመልከተው። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማና 3.73 የሆነ የዲፈረንሻል ጥምርታ ያለው መኪና በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3,150 ጊዜ ያህል ይዞራል። ያው መኪና በዚያው ፍጥነት በአራተኛው ማርሽ ሲሄድ ግን ሞተሩ 2,200 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ የሚቀረው ዙር 57,000 ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ ዙር ነዳጅ የሚበላ፣ ብረትን ከብረት ጋር የሚያፋጭና የተሳፋሪን ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ የፈለገ ባለ አሮጌ መኪና ይህን ሒሳብ ሲሰማ ልቡ ቢሳብ አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ መኪናው እንዴት እንደ ተወለደ እንመልከት፤ የዕቃውን ትውልድ ያላወቀ ስለ ንጽሕናው ሊፈርድ አይችልምና። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ውስጥ ከ330 ኩብ ኢንች፣ ማለት ከ5.4 ሊትር ያህል የበለጠ ሞተር እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ነበረው። በፖንቲያክ ክፍል የነበሩት መሐንዲሶች፣ ከእነርሱም መካከል ዋና መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያን፣ ለታላላቆቹ መኪኖች የተሠራውን 389 ኩብ ኢንች፣ ማለት 6.4 ሊትር ያህል የሚሆነውን ሞተር «ቴምፔስት» በተባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ አገቡት። ደንቡን ለማለፍም አዲስ ሞዴል አላሉትም፤ ገዢው ከፈለገ የሚጨመርለት ዕቃ ነው አሉት እንጂ። ስሙንም ከኢጣልያው ከፌራሪ ተውሰው «ጂ ቲ ኦ» ብለው በ1964 ሞዴል አወጡት። ሕዝቡ ወደደው፤ ሌሎቹም ክፍሎችና ኩባንያዎች ተከተሉ። እስከ 1970 ድረስ ሼቭሮሌ 454 ኩብ ኢንች የሆነ፣ ኩባንያው 450 የፈረስ ጉልበት አለው ያለውን ሞተር «ሼቬል» በተባለው መካከለኛ መኪና ውስጥ እስከ ማግባት ደረሰ።

አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እለምናለሁ። ዛሬ «አይነካም» የሚባለው መኪና የተወለደው የአንዱ መኪና ብልት ወደ ሌላው በመዛወሩ ነው። ሠሪዎቹም ቢሆኑ ደንብን በሥርዓት የጠበቁ ሰዎች አልነበሩም፤ ደንብን በዘዴ የዘለሉ ነበሩ እንጂ። እርግጥ ነው፣ ሠሪ የራሱን ሥራ መለወጡና ወራሽ የሌላውን ሥራ መለወጡ አንድ አይደለም። ነገር ግን ለውጥ የዚህ ዐይነቱን መኪና ባሕርይ ከመሠረቱ ያፈርሳል የሚለው ቃል በዚህ ታሪክ ፊት ሊቆም አይችልም።

የመኪኖቹ ዘመን ረጅም አልነበረም። በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ጭስን መቈጣጠር ጀመረ፤ ለወጣቶች የሚጠየቀው የመድን ዋጋ ናረ፤ በጥቅምት 1973 ደግሞ የዐረብ አገሮች ነዳጃቸውን በአሜሪካ ላይ ከለከሉ። በጥር 1974 በአገሪቱ በሙሉ ፍጥነት በሰዓት ከ55 ማይል፣ ማለት ከ88 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንዳይበልጥ የሚያስገድድ ሕግ ተፈረመ። በ1975 የአገሪቱ ምክር ቤት መኪና ሠሪዎች ነዳጅ እንዲቈጥቡ በሕግ አስገደደ። እነዚያው መሐንዲሶች ቀድሞ ጉልበት ለመጨመር ይደክሙ እንዳልነበረ፣ አሁን እያንዳንዷን ጠብታ ለመቈጠብ መድከም ጀመሩ። ፎርድ በ1980፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1981ና በ1982 ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮዎችን ያወጡት በዚህ ጭንቀት መካከል ነው። እንግዲህ ባለ ጡንቻውን መኪና ከገበያ ያስወጣው ችግር ራሱ የቁጠባውን ማርሽ ተወዳጅ አደረገው፤ ዛሬ ደግሞ ያ የቁጠባ ማርሽ ተመልሶ የባለ ጡንቻውን ዕድሜ ያራዝምለታል። በታሪክ ውስጥ የአባቱ ጠላት ልጅ ለአባቱ ወዳጅ ልጅ ምርኩዝ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

ሥራውንም የሚንቅ አይኑር። ከውጭ ሲታይ ቡሎን ፈትቶ ሌላ ማሰር ይመስላል፤ ሲጀምሩት ግን አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። «700 አር 4» ከአሮጌው «350» ይልቅ ስለሚረዝም፣ ከሥር የሚደግፈው ብረት ወደ ኋላ መዛወርና ኀይል አድራሹ ዘንግ ማጠር ይኖርበታል። በ1981 የወጣው «200-4 አር» ግን ከአሮጌው አጭር ዐይነት ጋር በርዝመት ስለሚቀራረብ፣ ብዙ ጊዜ ዘንጉን ሳይነኩ ሊገባ ይችላል። ከካርቡራቶሩ ወደ ካምቢዮው የምትወርድ አንዲት ቀጭን ገመድ አለች፤ ሾፌሩ የነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደ ረገጠ ለካምቢዮው የምትነግረው እርስዋ ናት። ገመድዋ በትክክል ካልተስተካከለች ውስጣዊው የዘይት ግፊት ይወርድና በአጭር ጊዜ ውስጥ ካምቢዮው ይቃጠላል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሆኖ በዘይት ኀይል የሚያስተላልፈው ክፍልም በረጅም ጉዞ ላይ ተቈልፎ እንዲሄድ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ይህ ትእዛዝ ሳይኖር ቢነዳ ዘይቱ ከመጠን በላይ ይግላል። ከዚህም በላይ የመጀመሪያዎቹ «700 አር 4» ካምቢዮዎች የታላላቅ ሞተሮችን ጉልበት ሳይጠናከሩ ሊሸከሙ አይችሉም ነበር። አዲስ ብልት በአሮጌ አካል ውስጥ በሰላም እንዲኖር የአካሉን ልማድ ማጥናት ያስፈልጋል፤ ይህን ሳያጠና የሚያስገባ ሰው ሁለቱንም ያጠፋል።

ወደ ፍልስፍናው እንመለስ። ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ይተርካል። የአቴና ሰዎች ይህን ባለ ሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ለመታሰቢያ አስቀምጠው፣ ጣውላው በበሰበሰ ቍጥር አሮጌውን እያወጡ አዲስ ይተኩ ነበር። ፈላስፎችም ከሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌቶቹ መርከቡ ያው ነው አሉ፤ እኩሌቶቹ አይደለም አሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ጨመረ። አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ጣውላዎች ሁሉ ሰብስቦ በቀድሞው ተራ ቢያቆማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች የቴሴዎስ የትኛው ነው? አለ።

የሆብስ ጥያቄ በዛሬው ጋራዥ ውስጥ ሕያው ነው። ካምቢዮውን የለወጠ ጥንቁቅ ሰው አሮጌውን አይጥለውም፤ ጠርጎና ዘይት ቀብቶ በሸራ ጠቅልሎ በመጋዘኑ ማዕዘን ያስቀምጠዋል። መኪናው በመንገድ ላይ ይሮጣል፤ የመኪናው አሮጌ ብልት በጨለማ ተኝቶ ይጠብቃል። መኪናው ወዴት ነው ያለው? ብንባል፣ በመንገድ ላይ ነው ብሎ ለመመለስ የሚያመነታ ያለ አይመስለኝም። ይህም የሚያሳየው የአንድ ነገር ማንነት በብልቶቹ ድምር ሳይሆን፣ ብልቶቹን ለአንድ ሥራ በሚያስተባብራቸው ሥርዓት ውስጥ መኖሩን ነው። የሰው አካልም ሥጋውን ዕለት ዕለት እያደሰ ሲኖር ስሙንና ዕዳውን አይለውጥም፤ በሃያ ዓመቱ የተበደረ ሰው በሃምሳ ዓመቱ ሌላ ሰው ሆኛለሁ ብሎ ከዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚሰማው የለም።

ነገር ግን በዚህ ብቻ ድል አድርገናል ብለን እንዳንመካ፣ የተቃራኒዎቹን ብርቱ ቃል መስማት ይገባናል። እነርሱ እንዲህ ይላሉ፦ «ሠሪዎቹ ስለ ረጅሙ ማርሽ ሳያውቁ የቀሩ አይደሉም። ክራይስለር ከ1934 ጀምሮ በእጅ ከሚለወጥ ካምቢዮ ጋር ኦቨርድራይቭ ያቀርብ ነበር። ስለዚህ የ1960ዎቹ ሰዎች በአውቶማቲክ ካምቢዮዋቸው ላይ ይህን ሳይጨምሩ የተዉት ዐውቀው ነው። ለገዢው ምርጫ ሰጡት፤ በአጭር መንገድ ላይ እንደ ጥይት መተኮስ የፈለገ ከፍተኛ የዲፈረንሻል ጥምርታ ያዝዛል፤ ረጅም መንገድ መሄድ የፈለገ ዝቅተኛውን ያዝዛል። አንዱን የመረጠ ሌላውን ይተዋል። ያ መኪና ከባሕርዩ ጋር የተሰጠው ጕድለትም ነበረው፤ ጩኸቱና ጥማቱ የዘመኑ ድምፅ ነው። እናንተ ግን ሳትመርጡ ሁለቱንም ለመያዝ ትፈልጋላችሁ፤ የአባቶቻችሁንም ክብር ያለ አባቶቻችሁ ድካም ለመልበስ ትመኛላችሁ።»

ይህ ቃል ቀላል አይደለም። በእርግጥም ያለፈውን ዘመን ምቾቱን ብቻ መርጦ የሚወርስ ሰው ያን ዘመን አያውቀውም። ጕድለት የሌለበት ታሪክ ተረት ነው። የጩኸቱን ድካም ያልቀመሰ ሰው የ1969 ወጣት ምን እንደ ተሰማው ሊናገር ቢሞክር፣ ጾም ሳይጾም ስለ ፋሲካ ጣዕም እንደሚያወራ ሰው ይሆናል።

ሆኖም መልስ አለው። አንደኛ፣ ጩኸቱ የሠሪዎቹ ዓላማ ሳይሆን ለዓላማቸው የከፈሉት ዋጋ ነበር። የዲፈረንሻሉን ቍጥር ለገዢው ምርጫ መተዋቸው ራሱ፣ ጥምርታ ለአገልግሎት የሚገዛ ነገር መሆኑን እንጂ የማይነካ ሥርዓት አለመሆኑን ይመሰክራል። አባት ልጁን ለማሳደግ ባዶ እግሩን ቢሄድ፣ ልጁ አባቱን የሚያከብረው ባዶ እግሩን በመሄድ አይደለም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ካምቢዮ ምርጫን ከሰው ላይ ጨርሶ አያነሣም፤ ምርጫውን ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል እንጂ። በ«700 አር 4» ውስጥ ከአንደኛው ማርሽ ወደ ሁለተኛው የሚወርደው ደረጃ ሰፊ ነው፤ ከ3.06 ወደ 1.63 በአንድ ጊዜ ይዘልላል። ገመድዋ ጥንቃቄ፣ ዘይቱ ማቀዝቀዣ፣ ውስጡ ማጠናከሪያ ይፈልጋል። ያለ ዋጋ የተገኘ ጥቅም የለም፤ ወራሹም የራሱን ዋጋ ይከፍላል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው መልስ ግን ይህ ነው። በመንገድ ላይ ለመውጣት የማይመች መኪና ቀስ በቀስ ከጋራዥ መውጣት ያቆማል። መጀመሪያ ረጅም መንገድ ይቀርበታል፤ ቀጥሎ የእሑድ ሽርሽር ይቀርበታል፤ በመጨረሻ በሸራ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ጎማው ይደርቃል፤ ቤንዚኑ ይበላሻል፤ ልጆችም ድምፁን ሳይሰሙ ያድጋሉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። ለመሮጥ የተሠራን ነገር ሳይሮጥ መጠበቅ ቅርፁን አድኖ ነፍሱን መተው ነው። አሪስቶትል የአንድን ነገር ምንነት ለማወቅ የተሠራበትን ዓላማ መጠየቅ እንደሚገባ አስተምሯል፤ በዚህ ሚዛን ቢመዘን በአዲስ ካምቢዮ የሚሮጠው አሮጌ መኪና፣ በአሮጌ ካምቢዮ ከቆመው ይልቅ ለራሱ ባሕርይ የታመነ ነው።

እንዲህ ስል ግን በሩን ለሁሉ ነገር መክፈቴ አይደለም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለበጎም ለክፉም ይሠራል። ዛሬ ካምቢዮውን የለወጠ ነገ ሞተሩን፣ ከነገ ወዲያ ዳሽቦርዱንና መቀመጫውን ሊለውጥ ይችላል። በአሁኑ ዘመን የጥንት መኪኖችን ሞተር አውጥተው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚተኩ አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ወሰኑ በዚህ ላይ ነው። የባለ ጡንቻ መኪና ጡንቻው ሞተሩ ነው፤ ስሙም ክብሩም ከዚያ የመጣ ነው። ካምቢዮው የሞተሩን ኀይል ወደ መንገድ የሚያደርስ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ ሲለወጥ ተናጋሪው ይኖራል፤ እንዲያውም ቃሉ ይበልጥ ሊሰማ ይችላል። ተናጋሪው ሲለወጥ ግን ንግግሩ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችን በፊት፣ ይህ ብልት ተናጋሪ ነው ወይስ አስተርጓሚ? ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ለውጡ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ አራት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል እላለሁ።

አንደኛው ችግር መኖሩ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ መኪናውን በዓመት አንድ ቀን ከመንደሩ ዳር እስከ ዳር የሚያንቀሳቅስ ሰው ረጅሙ ማርሽ ምንም አይጠቅመውም። ጎረቤቱ ስላደረገው ብቻ የሚለውጥ ሰው ችግሩን ሳይሆን ቅናቱን ያስታግሣል።

ሁለተኛው መመለስ መቻሉ ነው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 የተቀበለው የቱሪን ቻርተር፣ ለአገልግሎት ሲባል የግድ የሚደረግ ለውጥ በተቻለ መጠን ተመልሶ ሊነሣ የሚችል እንዲሆንና የወጡት ዋና ዋና ዕቃዎች ከመኪናው ጋር እንዲጠበቁ ይመክራል። ይህ ምክር ጥልቅ ነው። በቡሎን የታሰረ ነገር ይፈታል፤ በመጋዝ የተቈረጠ ወለል ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ለሚመጣው ሰው በር ክፍት ትቶ የሚሠራ፣ የራሱ ዐሳብ የመጨረሻው ዐሳብ እንዳልሆነ የሚያምን ትሑት ሰው ነው።

ሦስተኛው አሮጌውን መጠበቅ ነው። ፕሊመዝ በ2001፣ ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010 ከመኪና ስሞች መካከል ተሰርዘዋል። ሠሪው ቤት ከተዘጋ በኋላ ስለ ሥራው የሚመሰክረው ዕቃው ብቻ ነው። በሸራ የተጠቀለለው ካምቢዮ ብረት ብቻ አይደለም፤ ምስክር ነው። ምስክርን ከችሎት ማስወጣት ይቻል ይሆናል፤ መግደል ግን አይፈቀድም።

አራተኛው እውነትን መናገር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በዚያን ዘመን ፋብሪካዎች ከመኪናው መለያ ቍጥር ከፊሉን በሞተሩና በካምቢዮው ላይ ይቀርጹ ነበር። ቍጥራቸው የሚገጣጠም መኪናዎች በገበያ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣሉ። ስለዚህ ለገንዘብ ሲሉ ቍጥር ፍቀው ሌላ የሚቀርጹ አታላዮች ተነሥተዋል። ልብ እናድርግ፤ ካምቢዮውን ለውጦ «ለውጫለሁ» የሚል ሰውና ምንም ሳያሻሽል ቍጥሩን ብቻ አስመስሎ «ያው የጥንቱ ነው» የሚል ሰው ቢወዳደሩ፣ የቀደሙትን ያዋረደው የኋለኛው ነው። የመጀመሪያው ብረት ለወጠ፤ ሁለተኛው ቃል ለወጠ። ከብረት ይልቅ ቃል ሲለወጥ ጥፋቱ ይከፋል፤ የተለወጠ ብረት ሊመለስ ይችላል፤ የታለለ ሰው እምነት ግን በቀላሉ አይመለስም።

በዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር ይጨመራል። ከአንዳንድ ዐይነት መኪኖች እጅግ ጥቂቶች ብቻ ተሠርተዋል፤ ከእነዚህም ሳይነኩ የቀሩት ከዚያ ያነሱ ናቸው። እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው በሕግ ባለቤት ቢሆንም፣ በሕሊና ግን አደራ ጠባቂ ነው። ብዙ ቅጂ ካለው መጽሐፍ ላይ በዳር ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ አንድ ብቻ በቀረው መጽሐፍ ላይ ግን ብዕር የሚያነሣ እጅ መንቀጥቀጥ አለበት። ሌላ የመጓጓዣ መኪና ለመግዛት የሚችል ከሆነ ይግዛ፤ ያንን ግን ለመጪው ትውልድ እንደ ነበረ ያስተላልፍ።

እንግዲህ የነገሩ ፍጻሜ ምንድር ነው? ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ የባዕድ አገር መኪና ጉዳይ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን የወራሽ ሁሉ ነው። የአባቱን ቤት የወረሰ ጣራውን ማደስ ወይም አለማደስ፣ በአሮጌ ደንብ የሚሠራ መሥሪያ ቤት የተረከበ ደንቡን ማሻሻል ወይም መተው ይጠበቅበታል። በሁሉም ዘንድ ሁለት ዐይነት ስሕተተኞች ይገኛሉ። አንደኛው የቀደሙት የሠሩት ሁሉ ፍጹም ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚያስበሰብስ ነው፤ ሁለተኛው አሮጌ ሁሉ የማይረባ ነው ብሎ መጋዝ ይዞ የሚነሣ ነው። ሁለቱም ከድካም ሸሽተዋል፤ የመጀመሪያው ከማሰብ፣ ሁለተኛው ከማጥናት።

ትክክለኛው መንገድ በመካከል ያለው ከባዱ መንገድ ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን፣ ማለት ተናጋሪውንና አስተርጓሚውን መለየት፤ ችግር ሳይኖር አለመንካት፤ ሲነኩም የሚመለስ አድርጎ መንካት፤ የወጣውን አለመጣል፤ የተደረገውን አለመደበቅ። ይህን የሚጠብቅ ሰው የቀደሙትን ሰዎች ሥራ ቢለውጥ እንኳ እነርሱን አይክድም። እነርሱ ሥራቸው ሮጦ እንዲታይ ፈልገው ሠሩ፤ እርሱም እንዲሮጥ አደረገው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ሰው በተራው መርምሮ፣ ቡሎኑን ሊፈታ ወይም ሊያጠብቀው ነጻ ሆኖ ይቀበለዋል። አደራ ማለት ይህ ይመስለኛል።